ለነፍሳቸው የሚሠሩ ሰዎች

በግብረ ሰናይ ድርጅት ተቀጥሮ «ደመወዝ ይጨመርልኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ከልቤ አዝናለሁ። ድህነትን እንዲቀንስ የተቀጠረ ሰው ከራሱ ቤት ልጀምር ይላል? የሰማይ ቤቱ ስንቅ አይበቃውም?

አሁን ደግሞ ብሶባቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ስለፈቀደላቸው አሥር ሆነው የሠራተኛ ማኅበር ይመሠርታሉ። ከዚያ ለኅብረት ስምምነት ድርድር ሥራ አስኪያጁ ፊት ይደረደራሉ። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ናቸው፤ የሴቶችን የመደራደር አቅም ስለማጎልበት ስንት ፕሮጀክት ጽፈዋል! የገዛ ጸሐፊያቸው አቅሟን አጎልብታ ስትመጣባቸው ቢደነግጡ ይፈረድባቸዋል?

መልሳቸው የታወቀ ነው፤ «ለጋሹ አይፈቅድም»። ለጋሹ ባሕር ማዶ ነው፤ ማን ሄዶ ይጠይቀዋል? ያ ካልሠራ «ሕጉ እጃችንን አስሮታል» ይከተላል። እርግጥ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይለፍ ይላል። ይህ የቢሮውን ወጪ እንጂ በሞተር ቀበሌ ለቀበሌ የሚንከራተተውን የፕሮጀክት ሠራተኛ ደመወዝ መች ይመለከታል የሚሉ ነገረኞች አሉ። አዋጅ ማንበብ ለሠራተኛ ጥሩ አመል አይደለም።

የምንዛሪውም ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይተመን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እርዳታው በዶላር የሚመጣለት ድርጅት ሣጥኑ ያለ ጸሎት ተባረከለት። የሠራተኛው ደመወዝ ግን የተዋዋለው በብር ነውና በቃሉ ጸና፤ ቃላቸውን ያጠፉት ጤፍና ዘይት ብቻ ናቸው። «ትርፉ የት ገባ?» ብሎ የጠየቀ ካለ፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ተደርጎበታል፤ ርዕሱም «የኑሮ ውድነትን መቋቋም» ነው።

ለዚህ ሁሉ ንትርክ መፍትሔ አለኝ። ሠራተኛው ከደመወዝ መዝገብ ይሰረዝና ተረጂዎች ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ተረጂ ማኅበር አያቋቁምም፤ ስንዴው ሲሰፈርለት ያመሰግናል፣ ፎቶ ሲነሣም ፈገግ ይላል። የዓመቱ ሪፖርት ላይ የተረጂዎች ቁጥር ያድጋል። ወጪውም የፕሮግራም ወጪ ስለሚሆን ያቺ 20 በመቶ አትነካም።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። የቤተሰብ ገቢ መጠየቂያውን ቅጽ ቤት ለቤት ዞሮ የሚሞላው ይኸው ሠራተኛ ነው። የራሱን ገቢ በእውነት ከሞላ፣ የዳታ ክፍሉ «አኃዙ ተሳስቷል፤ ደመወዝተኛ እንዲህ ሊያንሰው አይችልም፤ ይጣራ» ብሎ ይመልስበታል።