የማይነበብ መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» የተባለው የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ቁጥር 1 ሱፐርማንን ይዞ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። በ2014 አንዱ ቅጂ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ በ3.2 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2024 ሌላው ሄሪቴጅ በተባለው አጫራች ቤት በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የልጆች መጽሐፍ ነው እንግዲህ፤ ልጅ አይንካው እንጂ።

ገዢው እንዳይታለል ሲጂሲ የሚባል ድርጅት አለለት። መጽሐፉን መርምሮ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ይሰጥና ፕላስቲክ ውስጥ ያሽገዋል። ከዚያ ወዲያ ማንበብ ቀረ፤ እሽጉን የከፈተ ነጥቡን ያጣል። ሚሊዮን ከፍሎ ሽፋን ማየት! ያም ሆኖ እሽጉ አስተማማኝ ነው ሲባል ኖሮ፣ በ2023 መጨረሻ እየተከፈተ ጥሩው ቅጂ በደካማ ሲተካ እንደነበር ተሰማ። ለካስ ማንም ስለማያነበው ነው ሳይታወቅ የቆየው።

የሚያስቀናውስ ተዋናዩ ኒኮላስ ኬጅ ነው። የእሱ ቁጥር 1 በ2000 ተሰረቀ፤ በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንድ ዕቃ ማከማቻ ተገኘና በዚያው ዓመት 2.16 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ንብረትን እንዲህ አድርጎ የሚያደልብ ሌባ ከየት ይገኛል?

እርስዎ ግን ለመግዛት ካሰቡ ሌባ አይጠብቁ። በእሽጉ ላይ ያለውን ቁጥር ከሲጂሲ መዝገብ ጋር ያመሳክሩ፤ ፎቶ ካለ እድፉንና እጥፋቱን ሳይቀር ያስተያዩ። አጫራች ቤቱ ካሸነፉበት ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ቀድመው ያስሉ። ሻጩ «ኢቤይን ትተን ገንዘቡን በቀጥታ ላክልኝ» ካለዎት ደግሞ በጨዋ ደንብ ያሰናብቱት።