ነገረ ማሳሰቢያ

በአገራችን የጽሑፍ ሀብት ላይ የደከሙ ሊቃውንት ስለ ገድሉና ስለ ድርሳኑ፣ ስለ ዜና መዋዕሉና ስለ ቅኔው አምልተውና አስፍተው ሲጽፉ፣ በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ሰኔ እየተባዛ በልጅ ቦርሳ ተጭኖ በየቤቱ የሚገባውን አንድ የጽሑፍ ዐይነት ግን ሳይመረምሩት ማለፋቸው ዕውቀት ወዳድን ሁሉ የሚያሳዝን ነገር ነው። ይኸውም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ወላጆች የሚልኩት ማሳሰቢያ ነው። ይህ ድርሰት ደራሲው የማይታወቅ፣ ቅጅው የበዛ፣ አንባቢው ያነሰ፣ ትእዛዙ ግን የጸና በመሆኑ ከጥንታውያን መጻሕፍት ጋራ የሚያመሳስለው ጠባይ ስላለው፣ በአዲስ አበባ ካሉት የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች ልማድ ተነሥተን ስለ መልኩ፣ ስለ ወቅቱ፣ ስለ መተላለፊያውና ስለ ምሥጢሩ ጥቂት እንናገራለን።

በመጀመሪያ ስለ መልኩ። ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል አንዱ ሉክ ለሁለት ወይም ለሦስት በማስመሪያ ተቀድዶ ስለሚታደል፣ ከማሳሰቢያው ግርጌ ብዙ ጊዜ የሌላው ማሳሰቢያ አናት ተቆርጦ ይገኛል። ፎቶ ኮፒው ራሱ ከፎቶ ኮፒ የተነሣ በመሆኑም ፊደሎቹ ከዓመት ወደ ዓመት እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ የመክፈያው የመጨረሻ ቀን በ5 ይሁን በ6 ለመወሰን ልዩ ልዩ ቅጆችን ማመሳከር ግድ ይሆናል። ይህን የማመሳከር ሥራ እናቶች ከራት በኋላ በስልክ ሲያከናውኑት፣ ምሁራን በብዙ ዓመት ክርክር ከማይደርሱበት ስምምነት በሩብ ሰዓት ይደርሳሉ።

ክፍሎቹ አምስት ናቸው። አርእስቱ «ለተማሪ» ካለ በኋላ ባዶ መስመር ትቶ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ይላል፤ ባዶውን ስፍራ የሚሞላው ተማሪው ራሱ ስለ ሆነ አባት የገዛ ስሙን ከዚህ ቀደም በማያውቀው አጻጻፍ ያገኘዋል። ሁለተኛው መቅድም ነው፤ በዚህም ትምህርት ቤቱ ለትምህርት ጥራት ያለውን ጽኑ ፍቅር፣ ትውልድን በዕውቀትና በግብረ ገብ ለማነጽ የተነሣበትን ዓላማ በረዥም ዐረፍተ ነገር ይገልጻል። ሦስተኛው ትእዛዝ ነው፤ እርሱም ስለ ካልሲ ነው። አራተኛው ግዝት ሲሆን፣ ስም ሳይጻፍበት የጠፋ ሹራብ ቢኖር ትምህርት ቤቱ ኀላፊነቱን እንደማይወስድ ያስታውቃል። አምስተኛው «ከሰላምታ ጋር» የሚለው ቡራኬና ክቡ ማኅተም ነው። ግዝቱ ሦስት ማዕርጋት አሉት፦ ማሳሰብ፣ በጥብቅ ማሳሰብ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በጥብቅ ማሳሰብ። ይህ ሦስተኛው ማዕርግ ከሁሉ የበረታ በመሆኑ በየወሩ ይላካል።

ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ የሚነበበውን በግጻዌ እንደ ወሰነች ሁሉ ማሳሰቢያም የራሱ ግጻዌ አለው። በመስከረም ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ጥቁር ጫማና ስለ ደብተር መሸፈኛ ይነበባል። በኅዳር፣ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በ29 ስለሚውል፣ ስለ ባህል ልብስ፤ በታኅሣሥና በጥር ስለ ገናና ስለ ጥምቀት ዕረፍት፣ ስለ መንፈቀ ዓመቱ ፈተናና ከፈተናው በፊት ክፍያ ስለ ማጠናቀቅ፤ በየካቲት የዐድዋ በዓል በ23 ስለ መዋሉ ይነበባል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ስለ መጪው ዓመት ምዝገባ የሚናገረው ክፍል ይመጣል፤ ትምህርት ቤቱ የግል የሆነ እንደ ሆነም የኑሮ ውድነት ያደረሰውን ጉዳት በኀዘን ካተተ በኋላ ኀዘኑን ከወላጆች ጋራ በመቶኛ ይካፈላል። በሰኔ ስለ ወላጆች በዓልና ስለ ካርድ ተነብቦ ግጻዌው ያበቃል። ስለ ጥፍርና ስለ ፀጉር የሚናገረው ግን የዘወትር ነው።

ስለ ምሳ ዕቃ የተጻፈው አንቀጽ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። አንቀጹ ቺፕስን፣ ከረሜላንና ለስላሳ መጠጥን ከከለከለ በኋላ ተማሪዎች እንዳይጎራረሱ ያዝዛል። ብቻውን ያልጎረሰ፣ ሰው ሳያጎርስም ያልጠገበ ሕፃን በቤቱ «ብቻህን አትብላ» ተብሎ፣ በትምህርት ቤቱ «ብቻህን ብላ» ሲባል የሁለት ሕግ ተገዢ ሆኖ ይገኛል፤ ሕፃናቱ ግን ሁለቱን ሕግጋት አስማምተው ከዴስክ ሥር በመጎራረስ ጉዳዩን ከፈቱት ቈይተዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ቁርስና ምሳ ስለሚመግብ፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ስለሚያድል፣ ይህ አንቀጽ ከዚያ ወገን ቅጆች ወድቋል። ስለዚህ ወደ ፊት የሚነሣ ተመራማሪ የማሳሰቢያን ቅጆች ባለ ምሳ ዕቃና አልባ ምሳ ዕቃ ብሎ በሁለት ወገን ቢከፍላቸው አይሳሳትም።

የማሳሰቢያ ንባቡ አጭር፣ ትርጓሜው ግን ጥልቅ ስለ ሆነ ያለ አንድምታ ሊገባ አይችልም። ለምሳሌ «ተማሪዎች ነገ የባህል ልብስ ለብሰው እንዲመጡ» የሚለውን ንባብ እንመልከት። አባት አሁን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ይውጣ ሲል ነው። አንድም፣ ሱቁ ተዘግቶ ቢያገኘው ልጅ ካላት ጎረቤት ይዋስ ሲል ነው። አንድም፣ አምና የተገዛው ቀሚስ ከጉልበት በላይ ቀርቷልና እናት ጥለቱን ፈትታ ታስረዝመው ሲል ነው። ሐተታ፦ ማሳሰቢያው ሰኞ ተጽፎ ሳለ «ነገ» የተባለው ረቡዕ ስለ ምን ሆነ ቢሉ፣ ልጁ ወረቀቱን ያስታወሰው ማክሰኞ ማታ ሊተኛ ሲል ስለ ሆነ ነው። እንዲሁም «ተማሪው በካርቶን የቤት ሞዴል ሠርቶ ያምጣ» የሚለውን መተርጉማን በአንድ ቃል የሚስማሙበት ነው፦ አባት ይሥራ ሲል ነው። መምህርቱም ይህን ስለምታውቅ ዐሥር ከዐሥር የምትሰጠው ለአባት ነው፤ ጣሪያው ያዘመመበት አባት ሰባት ያገኛል።

ስለ መተላለፊያው አራት ዘመናት ይቈጠራሉ። የመጀመሪያው ዘመነ ቃል ነው። በዚህ ዘመን ሕፃኑ የሰማውን በቃሉ ይዞ ለወላጁ ያደርስ ነበር፤ «ነገ ትምህርት የለም» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ አንዲት ፊደል ሳትጐድልበት ሲደርስ፣ «ነገ የወላጆች ስብሰባ አለ» የሚለው ግን በመንገድ ይጠፋ ነበር። ሁለተኛው ዘመነ ወረቀት ሲሆን፣ ወረቀቱ ከቦርሳው ሥር ከዳቦ ፍርፋሪና ከብርቱካን ልጣጭ ጋራ እስከ ዕረፍት ቀን ተቀብሮ ይቈያል። ሦስተኛው ኮሙኒኬሽን ቡክ የሚባለው ደብተር ዘመን ነው፤ መምህርቱ በየቀኑ ትጽፍበታለች፣ ወላጅ በየቀኑ ይፈርምበታል ተብሎ ተደነገገ። ወላጅም ትእዛዝ አክባሪ በመሆኑ የሳምንቱን ፊርማ እሑድ ማታ በአንድ ጊዜ ፈርሞ ያስቀምጥ ጀመር፤ እርሱ የሌለ እንደ ሆነም ታላቅ እኅት በአባቷ ፊርማ ላይ ያላትን ችሎታ ታሳያለች።

አራተኛው ዘመነ ቴሌግራም ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ የቤት ሥራው በቴሌግራም ይላክ ጀመር፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ወረርሽኙ ሲያልፍ፣ የወላጆች ግሩፕ ግን ሳያልፍ ቀረ። በዚህ ጉባኤ ሰው የክርስትና ስሙንም የዓለም ስሙንም ትቶ «የናሆም እናት» እና «የሶልያና አባት» ተብሎ ይጠራል። መምህርቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማሳሰቢያ ትለጥፋለች። ወዲያው «እሺ ሚስ»፣ «እናመሰግናለን ቲቸር» የሚለው ምስጋና ይዘንባል፤ አንዱ የዕለቱን በዓል ምክንያት አድርጎ የአበባ ሥዕል ይልካል፤ ሌላዋ ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ካለ ትጠይቃለች፤ በዚያው ጊዜ አንድ አባት ድምፅ ሊቀዳ ፈልጎ ሳይናገር የመኪና ጥሩምባ ብቻ ይልካል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ማሳሰቢያው በምስጋና ተቀብሮ ሳለ አንዲት እናት «ዛሬ የተላከ ነገር ነበረ እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ምስጋናውን ያቀረቡት ሁሉ ዝም ይላሉ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ በዚህ ዘመን መልእክት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ባጠረ መጠን ለመነበብ የሚፈጀው ረዝሟል።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚቆመው «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለው የቃል ትእዛዝ ነው። ይህን የታዘዘ ተማሪ ወደ ቤቱ በመሄድ ፋንታ በመንገድ ካገኘው ሎተሪ አዟሪ ጋራ ለብስኩት በተሰጠው ገንዘብ ተዋውሎ አጎት አድርጎ ያቀርበዋል። የተቀጠረው አጎት ለሥራው ታማኝ ስለ ሆነ በርእሰ መምህሩ ፊት የልጁን ጆሮ ከእውነተኛው አባት ይልቅ አጥብቆ ይቈነጥጣል፤ ርእሰ መምህሩም በቤተ ሰቡ የአስተዳደግ ጥብቅነት ተደስተው ያሰናብቷቸዋል። በሥራ ምክንያት ልጁን ጠርቶ መምከር የማይችል አባት ባለበት ከተማ ይህ አገልግሎት ያለ ፈቃድ የሚሠራ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

አሁን ወደ ጥንተ ነገሩ እንመለስ። በየኔታ ዘመን ማሳሰቢያ አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ከአባቱ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከደብር ወደ ደብር ሲዞር ወላጆቹ ስለ ካልሲው ምንም ሳይነገራቸው ብዙ ዓመት ያልፍ ነበር። መንደር ውሎ የሚያድረው ተማሪም ቢሆን፣ ከየኔታ ዘንድ ወደ ወላጅ የሚደርሰው ታላቅ ዜና «ልጁ ዳዊት ደገመ» የሚል ነበር፤ ያን ጊዜ እናት ትጠምቃለች፣ አባት ያርዳል፣ ጎረቤት ይጠራል። ኋላም ዳግማዊ ምኒልክ ስድስት ዓመት ያለፈው ወንድም ሴትም ልጅ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት እንዲገባ ባወጁ ጊዜ ትምህርት ቤቱንና መምህሩን መንግሥት እንደሚያዘጋጅ፣ ልጁን ያላስተማረ ወላጅ በሞተ ጊዜ ግን ሀብቱ ለልጁ መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት እንደሚሆን አስታወቁ። የዛሬው የክፍያ ማዘግየት ቅጣት ከዚህ ጋራ ሲመዛዘን ምሕረት ነው። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ በነበሩት ዓመታትም ብዙ ተማሪ በመንግሥት ወጪ እያደረ፣ እየበላና እየለበሰ ይማር ነበርና ወላጅ የሚጠየቀው ልጁን ብቻ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ወደ ስድስት ሲያወርደው፣ ፖሊሲ ያልነካው ማሳሰቢያ ብቻ ነው።

ከዚህ ምርምር የምናገኘው ፍሬ እነሆ። የየኔታ ዜና ስለ ትምህርት ነበረ፤ የንጉሡም ዐዋጅ ስለ ትምህርት ነበረ። ዛሬ በዓመት ውስጥ ወደ አንድ ቤት የሚገባው ማሳሰቢያ ሁሉ ቢሰበሰብ ስለ ክፍያ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ ምሳ ዕቃ፣ ስለ ሰርቪስና ስለ ሰዓት ሲናገር፣ ልጁ ምን እንደ ተማረ የሚናገር አንድ ስንኳ አይገኝበትም። ካርድ አለ እንዳይባል፣ ካርዱ ከአርባ ልጅ ሰባተኛ መውጣቱን ይናገራል እንጂ ያን ሰባተኛውን ልጅ አንድ ገጽ አማርኛ አስነብበን ብንሰማው ይወጣው እንደ ሆነ አይናገርም። ወላጅም ሰባተኛ የሚለውን አይቶ ስድስተኛ የወጣው የማን ልጅ እንደ ሆነ ጠይቆ ካርዱን ያስቀምጣል። በዚህ ጉዳይ ትምህርት ቤቱ ብቻውን አይወቀስም፤ በወላጆች ስብሰባ ስለ ክፍያው ጭማሪ አንድ ሰዓት ተኩል የተሟገተ ጉባኤ ስለ ንባብ እንዲጠይቅ ተራ ሲሰጠው ጃኬቱን አንሥቶ ወደ በሩ ያያል።

ስለዚህ ርእሳነ መምህራንን አንድ ነገር እንለምናለን። በየመንፈቀ ዓመቱ፣ ከግማሽ ሉክ ባልበለጠ ወረቀት፣ ያለ መቅድምና ያለ ግዝት፣ «ልጅዎ በዚህ ወራት ይህን ማንበብ ችሏል፤ ይህን ማስላት ችሏል፤ ይህ ገና አልገባውምና በቤት ይርዱት» የሚል ሦስት መስመር ብቻ ጽፈው ቢልኩ፣ የካልሲው ጉዳይ ለአንድ ቀን ቢዘገይ የሚደርስ ጉዳት የለም። ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ይህን የመሰለ ወረቀት በደረሳችሁ ቀን «እሺ ሚስ» ከማለታችሁ በፊት አንብቡት፤ ልጁንም አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አንድ ገጽ ያንብብላችሁ። ማንበቡን በጆሯችሁ ከሰማችሁ፣ እንደ ጥንቱ ብትጠምቁና ብታርዱ የሚከለክል ማሳሰቢያ እስካሁን አልወጣም።