ልጆች ያልተከተሉት ጉዞ፦ የሩንዳ ባልና ሚስት በሞምባሳ

ከናይሮቢ በስተሰሜን፣ ከተባበሩት መንግሥታት ግቢ ባሻገር፣ ሩንዳ የሚባል በኤሌክትሪክ አጥርና በዘበኛ የታጠረ ሰፈር አለ። በአካባቢው ስላሉት የካሩራ ጫካ ጦጣዎች ብዙ ተጽፏል። የተጋባበትን ቀን ለማክበር ልጆቹን ትቶ ወደ ሞምባሳ የሚወርደው የሩንዳ ሐበሻ ግን እስካሁን ተመራማሪ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። አጥኚው ራሱ ባል በመሆኑ ገለልተኛ ነኝ አይልም።

ጉዞው የሚደረገው በጥር ነው፤ ሐበሻ በብዛት የሚጋባው ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነውና። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ችግር ይነሳል። ጥር 12 የተጋቡ ሰዎች ለኬንያዊ ጎረቤታቸው ቀኑ ጃንዋሪ 20 ነው ይሉታል፤ ጳጉሜን ስድስት ሆና ካለፈች በኋላ ባለው ዓመት ግን ቀኑ ወደ 21 ይሸሻል። ባልየው አንዱን እንደሚረሳ አያጠራጥርም፤ የሚያከራክረው የትኛውን እንደሚረሳ ነው። ጥር ሌላም በረከት አለው። የኬንያ የትምህርት ዓመት የሚከፈተው በዚሁ ወር ስለሆነ ልጆቹን ይዞ መሄድ አይቻልም። «ትምህርት ባይኖራቸው እኮ…» ይባላል፣ በጥልቅ ሐዘን። ሐዘኑ ሻንጣው መኪና ላይ እስኪጫን ይቆያል። ልጆቹ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ለመጡት አያታቸው ይተዋሉ።

ባቡሩ የሚነሳው ከሲዮኪማው ጣቢያ ነው። ማዳራካ ኤክስፕረስ በ2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሞምባሳ የአምስት፣ ቢበዛ የስድስት ሰዓት መንገድ ሆናለች (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣቢያው ላይ ሻንጣዎች በሰልፍ ተደርድረው ውሻ ያሸታቸዋል። የሐበሻ ሻንጣ ጋ ሲደርስ ውሻው ቆም ይላል፤ ሲሠለጥን በርበሬ እንዳላስሸተቱት ግልጽ ነው። ለአጭር እረፍት በርበሬ ለምን እንደሚያስፈልግ የተጠየቀች ሚስት «ምናልባት» ብላ መልሳለች። ባቡሩ ጻቮን ሲያቋርጥ ቀይ አፈር የለበሱ ዝሆኖች ይታያሉ። የባልና ሚስቱ ቃል አንድ ነው፦ «ልጆቹ ቢኖሩ!» ልጆቹ ቢኖሩ ኖሮ በዚያች ደቂቃ በመስኮቱ ወንበር እየተጣሉ እንደነበር ማንም አያነሳም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከቤት የሚመጡ የስልክ ጥሪዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የ«ደረሳችሁ ወይ» ጥሪ፣ የመታኝ ጥሪ እና የዕቃ ጥሪ። የመጀመሪያው በ«አዎ»፣ ሁለተኛው በ«ስልኩን ለእሱ ስጠው» ይጠናቀቃል። ሦስተኛው ግን የሕይወት ዘመን ጥናት ይፈልጋል።

የዕቃ ጥሪ «ማሚ፣ ሽሮው የትኛው ውስጥ ነው?» በሚል ይከፈታል። ጥያቄውን ለመረዳት የሩንዳን ሐበሻ ማቀዝቀዣ ማወቅ ግድ ይላል። በዚህ ማቀዝቀዣ በብሉ ባንድ ዕቃ ውስጥ ያለው ንጥር ቅቤ እንጂ ማርጋሪን አይደለም። የኪምቦ ቅባት ቆርቆሮው በርበሬ ይዟል። የእርጎው አዋዜ ነው። አይስክሬም ተብሎ የተጻፈበት ትልቁ ዕቃ በሦስት ይከፈላል፦ ቀይ ወጥ የያዘ፣ ሽሮ የያዘ፣ እና አይስክሬም የያዘ። ሦስተኛው ከተስፋ በቀር በተግባር ታይቶ አይታወቅም። የችግሩ ሁሉ ሥር ልጆቹ ማንበብ መቻላቸው ነው፤ የተጻፈውን ያምናሉ። አያትየው ጽሑፉን ከቁም ነገር ስለማይቆጥሩት ክዳን ከፍተው አሽትተው ያገኙት ነበር፤ ግን ማንም አይጠይቃቸውም።

ጥሪው በቪዲዮ ሲሆን ይከፋል። በመጀመሪያ ጣሪያ ይታያል፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ከዚያ የማቀዝቀዣው መብራት። «ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሎሚው በስተግራ።» «ሎሚ የለም።» «ሎሚውን ማን ወሰደው?» በዚህ ጊዜ የዕቃ ጥሪ ወደ መታኝ ጥሪ ይለወጣል። ይህ ለምደባችን ከባድ ፈተና ነው።

ጥሪው የሚመጣው ደግሞ ባልና ሚስቱ በሞምባሳው ፎርት ጂሰስ ውስጥ ሳሉ ነው። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 የገነቡትን ይህን ምሽግ ኦማኖች ከ1696 ጀምሮ 33 ወር ያህል ከበውት፣ ውስጥ ያለውን ሰው ከጥይቱ ይልቅ በሽታ ጨርሶታል። አስጎብኚው ይህን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲተርክ፣ ከጀርባው «ቀይ ክዳን ያለው፣ ቀይ አልኩህ!» የሚል ይሰማል።

ባልየው ስልክ አይቀበልም፤ ጎንደሬ ስለሆነ ሥራ አለው። ግንቡን ሁሉ በእጁ እየነካ «የፋሲል ግቢ ይበልጣል» ይላል። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ስለሆነ ምሽጉ በአርባ ዓመት እንደሚቀድም ሲነገረው «የፋሲል ግቢ ዩኔስኮ የገባው በ1979፣ ይሄኛው በ2011» ብሎ ይመልሳል፤ እውነት ነው። ቀጥሎ ግን «ዕድሜ እኮ ሁሉ ነገር አይደለም፣ አያያዝ ነው» ይላል። ጋብቻ በሚከበርበት ቀን እንዲህ ያለ ነገር እንዳይነገር አጥኚው አጥብቆ ይመክራል።

ስለ አሮጌው ከተማ የተቀረጹ በሮች ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ለልጆቹ ማቡዩ ከረሜላ፣ ለአያትየው ካንጋ ጨርቅ ሲገዛ ጊዜው አለቀ።

ማታ እራት ላይ አንድም ጥሪ አልመጣም። አራተኛ ምድብ ሊከፈት ግድ ሆነ፦ ያልመጣ ጥሪ። ባልየው «ተኝተው ነው» አለ። ሚስትየዋ «በአንድ ሰዓት?» አለች። ተደወለ፣ የሚያነሳ የለም። ለዘበኛው ተደወለ፤ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ፒዛ አሁን ገባ አለ። ስለ ሽሮው የተደረገው ክርክር በሙሉ በዚህ ዋጋ አጣ፤ የምደባው ሥራም አብሮት።

ኋላ አያትየው መልሰው ደወሉ። «ምነው ልጄ፣ ባልሽን ይዘሽ ሄደሽ የእኔን ማቀዝቀዣ ትቆጥሪያለሽ?» ባልየው ነገሩን ለማብረድ ስልኩን ተቀብሎ፣ ለከርሞ ላሙ ለመሄድ እንደታሰበ አስረዳ፦ ጥንታዊ የስዋሂሊ ከተማ ናት፣ መንገዶቿ ጠባብ ስለሆኑ ዕቃ የሚጓጓዘው በአህያ ነው።

«በአህያ ከሆነማ እኔ ነኝ የምሄደው» አሉ አያትየው። «ልጆቹን እናንተ ትጠብቃላችሁ። ሽሮው አይስክሬሙ ዕቃ ውስጥ ነው።»