ቦዩንስ ማን ፈለፈለው?

ላሊበላ የመጣ እንግዳ ሁሉ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። የእኔ ዓይን ግን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ቦዩ ነው። አስጎብኚ ወዳጆቼ «አንተ እኮ ገነት ብትገባም መጀመሪያ የምትጠይቀው ፍሳሹ በየት እንደሚወጣ ነው» እያሉ ይሥቁብኛል።

ይሣቁ። ሰው ቤት ሽቅብ ሲሠራ ዝናቡን በጣሪያ ይገላገለዋል። ዐለት ቁልቁል ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ የሚያወጣ ግን ገና ከጅምሩ ጉድጓድ እየቆፈረ ነው፤ የላስታ ሐምሌ ጉድጓድ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እረኛውም ያውቃል። ስለዚህ ጠራቢዎቹ ቦይ አውጥተው ውሃው ሳያድር ቁልቁለቱን ይዞ እንዲሄድ አደረጉ። ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር ይባላል። ዓምዶቹን መላእክት ቢጠርቧቸው አልከራከርም። ቦዩን ያሰበው ግን ጎርፍ መኝታው ድረስ ገብቶበት የሚያውቅ የላስታ ሰው መሆን አለበት።

ቦይ ታዲያ እስኪደፈን ድረስ አስታዋሽ የለውም። የላሊበላዎቹ ቦዮች ለዘመናት አፈር ሞልቷቸው ኖረው የተጠረጉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እስከዚያ ውሃው መውጫ ሲያጣ ግድግዳው ሲጠጣው ኖረ። በመሐል አንዳንድ ጠጋኞች መጥተው ጣሪያውን ሬንጅ ቀቡት፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒና ባልደረቦቹ ደግሞ ያንኑ ሲፍቁ ከረሙ። የሚከፈተውን ትቶ የማይደፈነውን መድፈን የቆየ ሙያችን ነው።

ሙያው ዛሬም አልጠፋም። ላሊበላ ባረፍኩበት አንድ ቤት አዲስ የሳህን ማጠቢያ ገብቶ ነበር፤ እመቤቲቱ እንደ ልጅ ነው የምታየው። በሁለተኛው ሳምንት ውሃው አልወርድ ብሎ ቆመ። ጎረቤት ሁሉ መድኃኒት ይዞ መጣ። አንዱ ሽቦ ሰደደ፣ አንዷ የፈላ ውሃ አፈሰሰች፣ አንድ ሽማግሌ «ተዉት፣ ሲደክመው ይወርዳል» አሉ። በመጨረሻ የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ከሥር ያለውን ጎባጣ ቧንቧ ፈታው። እንደ ጡብ የጠጠረ የቡና አተላ ዱብ አለ፣ በመሐሉ አንዲት የሻይ ማንኪያ ተሰክታበታለች።

«እንዴ! ቡና እኮ ፈሳሽ ነው ልጄ!» አለች እመቤቲቱ።

«አቦሉ ፈሳሽ ነው እናቴ። ይሄ በረካው ነው።»

አጠገባቸው የቆመች የአሥር ዓመት ልጅ «የጀበናውን አፍ በጭራ ትወትፉ የለ? ለዚህስ ለምን አትወትፉለትም?» ብላ ጠየቀች። ሠራተኛው ትንሽ ዝም አለና ሒሳቡን ቀነሰ። እስካሁን ድረስ ያ ማጠቢያ ጉድጓዱ ላይ የሻይ ማጥለያ ተደፍቶበት ይሠራል።

ከሁሉም የከፋው መደፈን ግን የሰው ነው፣ የገና ሰሞን። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ አገሩ ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ይጎርፋል፤ መንገዱም ኔትወርኩም ይጨናነቃል። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር ዋሻ አለ፣ ድቅድቅ ያለ፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። ግድግዳውን በእጅ እየዳበስክ፣ ጣሪያው ግንባርህን እንዳያገኘው ጎንበስ ብለህ ታልፈዋለህ። ባለፈው ገና መሐሉ ላይ ስንደርስ ሰልፉ ቀጥ አለ። ከፊት ስልክ ጮኾ ነው። ሰውዬው እዚያው ቆሞ፣ በዚያ ጨለማ፣ ስለ አንድ በግ ዋጋ ይከራከራል። ከኋላችን ሕዝቡ ይገፋል፣ እኛ እንደዚያ አተላ እየተጠቀጠቅን ነው።

ከጎኔ አንዲት መነኩሲት ተነፈሱና «ወይ ጉድ፣ ሲኦልም ወረፋ አለው?» አሉ።

«ወረፋውስ ይሁን እማሆይ» አለ ከጨለማው አንድ ጎረምሳ። «እኔን የገረመኝ ኔትወርኩ ነው።»