ሲፈልጉማ ይሰማሉ!

«አባባ እኮ ሲፈልጉ ይሰማሉ። የብር ወሬ ሲነሣ ጆሯቸው ይከፈታል።»

ይህን አባባል ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ያልሰማ የለም። ረዳቱ «ሒሳብ!» ይላል፤ ጋቢ የደረቡት ሽማግሌ በመስኮት ውጪ ውጪውን ያያሉ። ረዳቱ ይደግማል። ከኋላ ወንበር አንዱ ጎረምሳ «ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ነው!» ይልና መኪናው በሳቅ ይሞላል። ሽማግሌው ሰው ሲስቅ አይተው አብረው ፈገግ ይላሉ። በምን እንደተሳቀ ግን አላወቁም።

ስማኝ አንተ ጎረምሳ! ጆሯቸው ዳባ አልለበሰም፣ ተጎድቷል። ዕድሜና ጩኸት ጆሮን ሲጎዱ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወስዱት ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ይቆያል። ስለዚህ እኒህ ሰው መናገርህን ይሰማሉ፣ ምን እንዳልክ ግን አይለዩም። «በሬውን ሰጠ» ስትላቸው «በሬውን ሸጠ» ብለው ይይዙታል። የልጃቸው ጎርናና ድምፅ ይገባቸዋል፣ የልጅ ልጃቸው ቀጭን ድምፅ ያመልጣቸዋል። ጸጥ ባለ ቤት ፊት ለፊት ሲያወሯቸው ይመልሳሉ፣ ሞተር በሚያጓራበት መኪና ከጀርባ ሲጠሯቸው ዝም ይላሉ። የብሩ ወሬማ ለምን ተሰማቸው? ሰው የብር ነገር የሚያወራው ጠጋ ብሎ፣ ዓይን ዓይን እያየ ስለሆነ ነዋ! አንተም «ሒሳብ» ለማለት ትከሻቸውን ነካ አድርገህ ፊትህን አሳያቸው። መጮኽ አያስፈልግም፤ ጩኸት ቃሉን ያበላሸዋል።

«እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?» ይላል ሌላው። የወፍጮ ቤቱ ልጅ መቼ አረጀ? ገና ጢሙ ሳይጠና ደንበኛውን «እ? እ?» ይላል። ለጆሮ ደኅና የሚባለው ጩኸት በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት። ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመው ካልተጯጯኹ የማይደማመጡበት ቦታ 85ን አልፏል ማለት ነው። የጆሮ መሸፈኛ የሌለው ባለወፍጮ እህል ብቻ አይደለም የሚፈጨው።

«ሠርግ ነው፣ ይተኮስ!» ለሚለው ደግሞ፦ ደስታው የሙሽራው ነው፣ ጆሮው ግን አጠገብህ የቆመው ሕፃን ነው። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ ለአንድ ጆሮ አንዲት ጥይት ልትበቃ ትችላለች። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት 15 ሺህ ያህል ናቸው፣ ከሞቱ በኋላ መልሰው አይበቅሉም። ከተኩስ በኋላ ጆሮህ ጭው ካለብህ ከእነሱ የተጎዱ አሉ።

«ልጁ ጆሮው ይፈሳል እንጂ ደኅና ነው» የምትይ እህቴ፣ መግል መቼ ደኅንነት ሆኖ ያውቃል? ሳይቋረጥ የሚፈስ ጆሮ ብዙ ጊዜ ታምቡሩ የተበሳ ነው። ቸል ሲባል አጥንቱን ይበላል፣ ወደ አንጎልም ሊዘልቅ ይችላል። ጤና አዳም ጨምቀሽ፣ ቅቤ አቅልጠሽ አትጨምሪበት። «ጠበል እያስጠመቅሁት ነው» ካልሽኝ ይጠመቅ፤ ግን ውኃ እንዳይገባበት ጥጥ በቫዝሊን ነክረሽ ጆሮውን ድፈኚለት፣ ከጠበሉ መልስ ደግሞ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። አለዚያ ክፍል ውስጥ ኋላ ተቀምጦ መምህሩ የሚለው ሳይገባው ይውላል፣ ስሙም «ፈዛዛ» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉን መከላከል እንደሚቻል ይናገራል። የኩፍኝ ክትባት አንዱ መከላከያ ነው፤ ማጅራት ገትርን ቶሎ ማሳከም ሌላው።

«አይ፣ አባባ ጃጅተዋል» የሚሉ ልጆችም አሉ። መጀመሪያ ጆሯቸውን አስመርምሩ! እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ዘገባ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች አንዱ የመስማት ችግር መሆኑን አስቀምጧል። የማይሰማ ሰው ከጨዋታ ይርቃል፣ ከዕድር ይቀራል፣ ለብቻው መቀመጥ ይለምዳል።

አሁን ወደ እርስዎ፣ ወደ ባለጆሮው ልምጣ። «መሣሪያ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሰው ደንቆሮ ይበለኝ?» አሉኝ። ጌታዬ፣ ሳይሰኩትም እያሉዎት ነው! መነጽር ያደረገን ሰው ማን ዕውር ብሎት ያውቃል? የመስሚያ መሣሪያ ከሚጠቅማቸው የዓለም ሰዎች የሚጠቀሙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሲጀምሩት የሳህኑ መንኳኳት፣ የራስዎ ድምፅ ሳይቀር ይረብሽዎታል፤ አንጎል እስኪለምደው ሳምንታት ይፈልጋል። በዚህ ተበሳጭተው ሣጥን ውስጥ እንዳይጥሉት። ደግሞስ መሣሪያ የሚያስፈልግዎት መሆኑን በምን አወቁ? ጆሮን የደፈነው ኩክ ሆኖ በአንድ እጥበት የሚከፈትበት ጊዜ አለ። እጥበቱ ግን የጤና ባለሙያ አይቶት ነው። በክብሪት እንጨት የሚጎረጎር ኩክ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ታምቡርም ይበሳል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባል የለ? መስማት ሲቀንስም መጨረሻ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ልጆች፣ «ሲፈልጉ ይሰማሉ» ማለቱን ተዉትና እጃቸውን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ ካስፈለገም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ አድርሷቸው። ትናንት ደኅና ይሰማ የነበረ ጆሮ ዛሬ በድንገት ከተዘጋ ግን «እስቲ ሳምንት እንየው» አትበሉ። የዚህ ሕክምና የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና በዚያው ዕለት ወደ ጎንደር ውረዱ።