የትምህርታዊ ጉብኝት አመጣጥና ቅሪቶቹ፦ ከሰሚት እስከ አምስት ኪሎ

ትምህርታዊ ጉብኝት ማለት አንድ ክፍል ተማሪ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ምሳውን ከትምህርት ቤቱ ውጭ በልቶ የሚመለስበት ሥርዓት ሲሆን፣ በመሄዱና በመመለሱ መካከል ሙዚየም ሊያጋጥም ይችላል። ሥርዓቱ በመላው አዲስ አበባ የሚፈጸም ቢሆንም ለጥናት ይበልጥ የሚመቸው ከሰሚት የሚነሣው ነው፤ ከዚያ እስከ አምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም የሚወስደው መንገድ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛና በቀበና አድርጎ የሚያልፍ በመሆኑ፣ የሥርዓቱ ደረጃዎች ሁሉ ተራ በተራ እንዲገለጡ በቂ የትራፊክ መጨናነቅ አለው።

የመጀመሪያው ደረጃ የሰነድ ዘመን ነው። በዚህ ዘመን በኮሙኒኬሽን ቡክ፣ ማለትም በመምህርና በወላጅ መካከል በተማሪው ቦርሳ ውስጥ በሚመላለሰው ደብተር፣ ማስታወቂያ ይላካል፤ ማስታወቂያውም የጉብኝቱን ዓላማ በአንድ መስመር ጠቅሶ፣ ስለ ደረቅ ምግብ፣ ስለ ውሃ ኮዳ፣ ስለ ሶፍትና ስለ ሙሉ ዩኒፎርም በስፋት ያትታል። ወላጅ ካልፈረመ ተማሪው ከግቢው አይወጣም። ከዚህ አንጻር ድንቅነሽ ወይም በሌላ ስሟ ሉሲ የተባለችው ጥንታዊት ፍጡር በ1999 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተጉዛ፣ አደጋ ያገኛታል ብለው የተቃወሙ ሊቃውንት እያሉ፣ እስከ 2005 ዓ.ም. ሳትመለስ መቆየቷ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መመሪያ መሠረት የማይፈቀድ ነው።

ሁለተኛው የጉዞ ዘመን ሲሆን፣ በመስኮት በኩል ማን ይቀመጥ በሚል የሚነሣው ክርክር መገናኛ ሳይደረስ እልባት አያገኝም። ምሳ ዕቃዎች ጉርድ ሾላ ላይ ስለሚከፈቱ፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ የሚበላ ምሳ አይኖርም። ቀበና ላይ ደግሞ አንድ ተማሪ «ሚስ፣ ሊያስመልሰኝ ነው» ሲል መምህርቷ ወዲያው ፔስታል ታወጣለች፤ የፔስታሉ በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀድሞ መገኘት ክስተቱ ከዚህ በፊትም በተደጋጋሚ መመዝገቡን ያረጋግጣል።

ሦስተኛውና አጭሩ ደረጃ የሙዚየሙ ነው። በምድር ቤቱ ለቅሪተ አካል፣ ማለትም በደለል ተቀብሮ ወደ ድንጋይነት ለተለወጠ የፍጡራን አጥንት፣ በተመደበው ክፍል ውስጥ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር በዶናልድ ጆሃንሰንና በባልደረቦቹ የተገኘችው ድንቅነሽ ትታያለች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፣ ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው፤ ለጎብኚ የሚቀርበው ቅጂው ሆኖ ዋናው አጥንት ተቆልፎበት ስለሚጠበቅ፣ «ሚስ፣ እውነተኛዋ ናት?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ መምህርቷ ተማሪዎቹን ወደሚቀጥለው መስታወት ታሻግራለች።

ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ትከሻቸውን ከትከሻዋ አስተያይተው የክፍላቸው ልጅ ናት የሚል ድምዳሜ ላይ ይደርሳሉ። ሳይንስ ግን የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶቿ በመውጣታቸው ለአካለ መጠን የደረሰች ነበረች ይላል፤ ይህም ማስረጃ የፊት ጥርሶቹ ለወለቁበት ተመራማሪ እምብዛም አሳማኝ አይደለም። የበለጠ ውዝግብ የምታስነሣው በ1993 ዓ.ም. ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ ያገኛት፣ በሦስት ዓመቷ ገደማ የሞተችው ሰላም ናት፤ ብዙዎች የሉሲ ልጅ እያሉ ቢጠሯትም 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለሆናት፣ ልጂቱ እናት ከተባለችላት በ100 ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማለች። ይህን ለማስረዳት የሚሞክር መምህር የለም፤ «ከፍ ስትሉ ትማሩታላችሁ» የሚለው መልስ ለዚህም፣ አያቱ የነገሩትን የአዳምና የሔዋንን ነገር ለሚያነሣ ተማሪም በእኩል ያገለግላል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን ያለ ክርክር ይታለፋል፤ መቀመጥ ስለሚከለከል የጥናት ፍላጎት አይቀሰቅስም።

አራተኛው ደረጃ ማታ ሰሚት ውስጥ የሚከናወን ሲሆን፣ ተመራማሪዋ እናት ናት። የሥነ ምድር ሊቃውንት የታችኛው የደለል ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል የሚል ሕግ ስላላቸው፣ ቦርሳውም በዚሁ ሕግ ይቆፈራል፤ ከላይ ሹራብ፣ ከሥሩ የሌላ ልጅ ውሃ ኮዳ፣ ቀጥሎ ሳይላጥ የተጨፈለቀ ቅቅል እንቁላል፣ ከሁሉ በታች ባዶ የቺፕስ ላስቲክ ይገኛል። ስለዚህ ቺፕሱ ከእንቁላሉ በፊት የነበረ፣ እንቁላሉም በማንም ተበልቶ የማያውቅ መሆኑ ይረጋገጣል። የቃል ማስረጃው ግን ስስ ነው፤ «ምን አየህ?» ሲባል «አጥንት»፣ «ሌላስ?» ሲባል «ጓደኛዬ አስመለሰው» ከሚለው ያለፈ አይገኝም።

እናት ከእነዚህ ስብርባሪዎች መንገዱን፣ አውቶቡሱንና ሙዚየሙን መልሳ ትገጣጥማለች። በሐዳር ከአንድ አጽም 40 በመቶ መገኘቱ ለዓለም ሳይንስ ታላቅ ዜና የነበረ ሲሆን፣ በሰሚት ከአንድ የጉብኝት ውሎ ይህን ያህል ከተገኘ ግን የጎደለውን ታላቅ እህቱ እንደሞላችለት ይጠረጠራል።