ሰልባጅ ክንፍ

ሞተር የሌለው አውሮፕላን ልገዛ ነው ብሎ ለጎጃም ዘመድ ማስረዳት ቀላል ሥራ አይደለም። ጀርመን አገር ይህንኑ ስናገር የምጠየቀው "የትኛውን ዓይነት?" ተብዬ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ቡና ተፈልቶ ዘመድ በተሰበሰበበት ስናገረው ግን ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጥሎ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ "ሞተሩን ማን ወሰደው?" አሉ።

"የለም አያ፣ ሲሠራም ሞተር የለውም። ግላይደር ይባላል።"

"ታዲያ ምን ያነሳዋል?"

"ገመድ። ሜዳው ጫፍ ላይ የቆመ ማሽን ገመዱን በኃይል ይጠቀልለዋል፤ አውሮፕላኑ እየተጎተተ ሽቅብ ይወጣል። ከፍ ሲል ገመዱን ይለቃል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መውረድ ይጀምራል።"

"ለዚህማ ድንጋይ ምን አነሰው?" አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ደግነቱ ወሩ ጥር ነውና ሰማዩ ጥርት ብሏል። ደጅ ወጥተን ቀና ስንል አንድ ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ወደ ላይ ይሄዳል። ፀሐይ የታጨደውን ማሳ ስታግለው አየሩ ከመሬት ተነስቶ ሽቅብ እንደሚወጣ፣ ወፉም ያን አየር አግኝቶ እንደሚዞርበት፣ ግላይደርም ከዚህ የተለየ ጥበብ እንደሌለው ማስረዳት ስጀምር አቋረጡኝ። "እሱን እናውቀዋለን፤ አውድማ ላይ ገለባችንን ይዞት የሚሄደው ማን ሆነና?"

ስለ ጥንብ አንሳ ከተነሳ አይቀር፣ በደጋችን ላይ ከሚዞሩት አንደኛው ዘር በፈረንጆቹ ዘንድ የሚጠራው በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሰሜን ኢትዮጵያን ዞሮ ጎንደር ድረስ የዘለቀ የፍራንክፈርት ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ዛሬ የምኖረው ከፍራንክፈርት ብዙ ሳልርቅ ነው። እሱ እኛ ጋ መጥቶ ወፍ አየ፣ እኔ እነሱ ጋ ሄጄ መብረር ተማርኩ፤ ተካክሰናል። እ.ኤ.አ. በ1973 ከዚሁ ዘር አንዱ አቢጃን ሰማይ ላይ፣ ከ11,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። እዚያ ድረስ ምን ጉዳይ እንደነበረው እግዜር ይወቅ።

እኔ የምበረው ሄሰን ውስጥ ዋሰርኩፐ ከሚባለው ተራራ አካባቢ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1920 የመጀመሪያውን የግላይደር ውድድራቸውን ያደረጉት እዚያ ላይ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፈው የሞተር አውሮፕላን ነገር ተከልክለው ስለነበር፣ ያልተከለከለውን ያዙ። ከተራራው ሥር ፖፐንሃውዘን ላይ የአሌክሳንደር ሽላይሸር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ግላይደር ይሠራል። ዋሰርኩፐን በጣም ያከብሩታል፤ ቁመቱ 950 ሜትር ነው። ሁለቴ ቢደራረብ የደብረ ማርቆስን አስፋልት አይደርስም። ይህን ለክበባችን ሰዎች ነግሬያቸው አልወደዱልኝም።

የአጎቴ ባለቤት "ምነው አዲስ ብትገዛ?" አሉኝ። አዲስ ግላይደር የሚገዛው ሌላ ሰው ነው። ያገለገለ ግን፣ በተለይ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሞላው፣ አዲስ አበባ ላይ ለአሮጌ ቪትዝ ከሚጠየቀው ዋጋ ብዙም አይርቅም። ሰልባጅ ክንፍም የሚያሳፍር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲጀምር የያዘው የአሜሪካ ጦር ተገልግሎ የሸኛቸውን ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። ይህን ስናገር አጎቴ "ዳኮታ!" ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ለጥቂት ጊዜም ከእኔ ወገን ሆኑ።

ሁሉም የሚመኘው ኤል ኤስ 4 የሚባለውን ነው፤ እሱ ከኪሴ በላይ ስለሆነ አላነሳሁትም። በስልኬ ፎቶ ይዤ የሄድኩት የሦስት ግላይደሮችን ነው። አንደኛው ካ 6፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በእንጨትና በጨርቅ የተሠራ፣ ለዓይን እንደ ክራር የሚያምር። ሁለተኛዋ ስታንዳርድ ሲረስ፣ ፋይበር ግላስ፣ ቀጭን፣ ፈጣን። ሦስተኛው አስቲር፣ እሱም ፋይበር ግላስ፣ ክንፉ ከባድ፣ መልኩ እንደ ነገሩ።

የግላይደር ነገር ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ቁጥር ነው፦ አንድ ሜትር ሲወርድ ስንት ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል? ካ 6 ወደ 30 ይሄዳል። ሲረስና አስቲር ሁለቱም በወረቀት 38 ገደማ ይባልላቸዋል። ጥንብ አንሳው ራሱ ከ15 ብዙም አያልፍም። እኔ ይህን ቁጥር በጮቄ ነው የምለካው። የጮቄ ጫፍ 4,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,450 ገደማ፤ ልዩነቱ 1,650። በመካከላቸው ያለው ርቀት በአየር ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ነፋሱ ዝም ካለ ሲረስ ወይም አስቲር ከጮቄ ጫፍ ተነስተው ከተማዋ ላይ ሲደርሱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ይተርፋቸዋል። ካ 6 በ200 ሜትር ገደማ እየተጨነቀ ይደርሳል። ጥንብ አንሳው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ግን ምን ቸገረው? ያሻው ዛፍ ላይ ያርፋል፣ ነገ ይቀጥላል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግላይደር የሚነሳው ሜዳውን መርጦ ነው፤ የሚያርፈው ግን አየሩ በጣለው ቦታ ነው። ሲረስን ለማየት የሄድኩ ዕለት ባለቤቱ አቧራ የጠጣ ጎተራ ከፍቶ አወጣልኝ። አግድም ጭራዋ ሙሉ በሙሉ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ፣ መሪዋን ጠበቅ አድርጎ ለያዘ ሰው ትደነብራለች፤ ይህ በዓይነቱ የታወቀ ጠባይ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ስትደነብር የሚጮህ አዲስ የድምፅ መሣሪያ ገጥሞላታል፤ ለደንባራ በቅሎ ቃጭል ማለት ይኼ ነው። ቢሆንም አየር ላይ ከወጣች በኋላ ወደድኳት። ከደመና ደመና እየተሻገርን ሳለ ከየት መጣ ያላልኩት ዝናብ መነሻ ሜዳውን ጋረደው። ጥቂት ኪሎ ሜትር እልፍ ብሎ ሣሩ የታጨደ ማሳ ነበር፣ እዚያ በሰላም አረፍን። በግላይደር ይህ የተለመደ ነው፤ ክንፉና ጭራው ይነቀላል፣ ባለቤቱ በመኪና ተጎታቹን ይዞ ይመጣል፣ ተጭኖ ይኬዳል።

ተጎታቹ መጣ። በሩ ዝጎ አልከፈት አለ፤ በመዶሻ ከፈትነው። ውስጡ ክንፍ የሚያርፍበት ጣውላ በስብሷል። ክንፉን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አስገባን። መንገድ ስንጀምር ፍሬቻ የለም፣ የኋላ መብራት የለም። ትንሽ እንደሄድን የግራው ጎማ ኩሽኔታ ጭስ አወጣ። ፖሊሶች ደረሱ፤ ወረቀት ጠየቁ፤ የአውሮፕላኗ ወረቀት ሙሉ፣ የተጎታቹ ግን ጊዜው ያለፈበት። ሰማይ ላይ መብረር የተፈቀደላት አስፋልት ላይ መጎተት ተከለከለች። ሌሊቱን መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን አነጋን። ጠዋት ባለ ማሳው መጥቶ ስለተረገጠው ሣር ሒሳብ አቀረበ። ጎጃም ማሳ ላይ ቢሆን መጀመሪያ ጠላ ይቀርብልን ነበር፤ ሒሳቡ በሽማግሌ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ስተርክ አጎቴ በዝምታ ሰሙኝ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በቅሎ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥርስ ያያሉ፣ ሰኮና ያነሳሉ፣ ኮርቻ አስወርደው ጀርባ ይዳብሳሉ፤ ግላስ ሲያምር ከሥሩ ገጣባ አለ ብለው ይጠረጥራሉ። "የእነዚህን ጀርባ አየህ?" አሉኝ። አይቻለሁ። የፋይበር ግላስ ገጣባ ከነጩ ልባስ ሥር ነው፤ የተሰበረ ቦታ ተጠግኖ ስቱኮ ከተለቀለቀ በኋላ በጣት ቋ ቋ ሲደረግ ድምፁ ይለያል። የበረራ መዝገቡም ይናገራል። አጎቴ የወደዱት ካ 6ን ነው፤ "እንጨት ሊሰበር ሲል ይጮሃል፣ ይኼ ፕላስቲክ ግን ምን እንደሚያስብ አይታወቅም" አሉ። በዚህ አልተስማማንም። የጥንት ሙጫ እርጥበት አይወድም፤ የጎጃምን ክረምት ያየ ሰው ስልሳ ዓመት የሞላው የተጣበቀ እንጨት ላይ ተቀምጦ 2,000 ሜትር መውጣት የለበትም።

ቀጥለው የአስቲርን ፎቶ በጣታቸው እየጎተቱ አንድ ቦታ ቆሙ። "ይህ ነጭ ሳጥን ምንድን ነው?"

"ተጎታቹ ነው፤ አውሮፕላኑ የሚቀመጥበት።"

"በዓመት ስንት ቀን ይበራል?"

አሰብኩ። "ከሣጥኑ ውስጥ የሚያድርበት ይበዛል።"

"እንግዲያው ሳጥኑን ግዛ።"

ሲረስና አስቲር ቁጥራቸው እኩል ከሆነ፣ የአስቲር ተጎታች ደግሞ ብረቱ ያልዛገ፣ ጎማው አዲስ፣ ወረቀቱ የተሟላ ከሆነ፣ ክርክሩ አለቀ። ክንፉ ለማንሳት ጎበዝ ይጠይቃል፤ ጎበዝ ከተጎታች ኩሽኔታ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። መቀመጫውም ሰፊ ነው፤ በዓል ጎጃም ከርሞ ለሚመለስ ሰው ይህም ይታሰባል።

በጎጃም ሰማይ ላይ የማብረሩ ነገር ግን ገና ነው። ከጀርመን ግላይደራቸውን በኮንቴይነር ጭነው ናሚቢያ፣ ቢተርቫሰር ድረስ የሚያጓጉዙ ሰዎች አሉ፤ ካላሃሪ ላይ በአንድ ቀን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራሉ። የእኛ አገር ከባድ ነው። ከፍታው አየሩን ስላሳሳው፣ የፍጥነት መለኪያው 90 ሲል መሬቱ ከሥርህ በ100 ያልፋል፤ ለማረፍ ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ክረምት ላይ መረሬው ጎማ ይውጣል። ጤፍ ማሳ ላይ ማረፍ ደግሞ፣ ከጉዳቱ በፊት ነውር ነው። ወደ ደጀን ሲጠጉ የዓባይ ሸለቆ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ተንደርድሮ ይወርዳል፤ ለጥንብ አንሳ ገነት፣ ለአስቲር ማረፊያ የሌለበት ገደል።

ለደብረ ማርቆስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ስም አውሮፕላን ማረፊያ እየተሠራ ነው። መሐንዲሶቹን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ከአስፋልቱ ጎን 1,000 ሜትር የምትሆን ሣር ሳትቆፍሩ ተዉልን። ገመዱንም ማሽኑንም ለማምጣት እኔ አለሁ፤ ክንፍ የሚያነሳ ጎበዝ ጎጃም አያጣም።